መቶ ቬንትሌተርና አንድ ድምፅ

ለክቡር አቶ ኒቆዲሞስ
የማስታወቂያና የማርኬቲንግ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ድምፄ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በዚህ በነሐሴ ወበቅ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የቢሮዎን ኤርኮንዲሽነር ማጣሪያ ሁለት ወር ሙሉ በየሰኞው ሳጥብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ሙቀቱ እርስዎ ዘንድ ደፍሮ እንደማይገባ አውቃለሁ። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎና የፌስቡክ ገጽዎ ሁሉም ደህና ይሁኑልኝ። የድርጅትዎን ስም እዚህ ላይ የማልጠቅሰው ፈርቼ ሳይሆን፣ ሰውን በነፃ ማስተዋወቅ በዚህ ክረምት ስለበቃኝ ነው።

እንደሚያውቁት እኛ ድሬዎች «እርስዎ» ማለት ብዙም አይሆንልንም። አባታችንንም፣ ሼኩንም፣ ቄሱንም «አንተ» እያልን ነው የምንወደው። ይህን ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች በ«እርስዎ» ጽፌዋለሁና ለእርስዎ ያለኝን ስሜት ከዚሁ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ስሜን ምናልባት ካላስታወሱት፣ ሂንዳ ዐብዲናሲር እባላለሁ። ሁለቱን ወር «ያቺ ኢንተርኗ» ሲሉኝ የነበርኩት፣ ለሥራ ልምምድ የመጣሁ የሦስተኛ ዓመት የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ተወልጄ ስላደግሁ አማርኛ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ እናገራለሁ፤ በሦስቱም ያለ አስተርጓሚ መጣላት እችላለሁ። መከራዬን ያመጣብኝም ይኸው ችሎታዬ ስለሆነ፣ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ሥልጠናው። በመጀመሪያው ቀን ድርጅትዎ «ሙሉ በሙሉ ዲጂታል» መሆኑን ሲያብራሩልኝ ደብተሬ ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት። በማግሥቱ ዲጂታሉን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጣሪያው ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ በገመድ የታሰረበት የሹፌር ዲሪዬ ባጃጅ ነበር። ድምፁ የሚጫወተው ከፍላሽ ስለሆነ ዲጂታል መባሉ አይበዛበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለመማር የመጣ ሰው ራሱን ብዙ ነገር ያሳምናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ጽሑፉ። ሐምሌ ላይ አዲስ ለሚከፈት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ማስታወቂያ አዘጋጅተው፣ በሦስቱም ቋንቋ እንዳነበው አዘዙኝ። «የድሬ ልጆች ስሙ! ቅዳሜ ጠዋት ቀድመው ለሚመጡ መቶ ሰዎች መቶ ቬንትሌተር በነፃ!» ይላል። መቶ ቬንትሌተር በእርግጥ አለ ወይ ብዬ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ «አንቺ ብቻ አንብቢ፤ እኛ የምንሸጠው ትኩረት ነው» ብለው አስተማሩኝ። እኔም የግምገማ ቅጼ በእጅዎ እንዳለ አስታውሼ አነበብኩ፤ ተቀርጾም በባጃጁ ከተማውን ዞረ። ይህን የሚያህል ጥያቄ ጠይቄ መልሱን ሳላገኝ ማንበቤ የራሴ ጥፋት ነው፤ አፍሬበታለሁ፤ ለእርስዎ አላካፍልም። የሱቁ ባለቤት የፈቀዱት ግን ሦስት ቬንትሌተር ብቻ፣ እሱም በዕጣ እንደነበረ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሦስትን ወደ መቶ ማጠጋጋት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገና አልደረስንበትም፤ ምናልባት አራተኛ ዓመት ላይ ይሰጡን ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ስለዚያች ቅዳሜ። ቬንትሌተር በሐምሌ ድሬዳዋ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አድረው ስለማያውቁ ላይገባዎ ይችላል። ሰው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰለፈ። ኒሞ የምትባል ሴት ዘመዶቿ ደውለው ነግረዋት፣ ልጇን አዝላ ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ድረስ መጣች። እርስዎም ከሱቁ ሰገነት ላይ ሆነው ሰልፉን ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሱት፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ገጽዎ ላይ «የሕዝብ ፍቅር» በሚል ርእስ ይገኛል። ሦስቱ ቬንትሌተሮች፣ ዕጣው ቀርቶ፣ ፊት ለነበሩት ሦስት ሰዎች እንደተሰጡ አስቸኳይ ስልክ ተደወለልዎና መኪናዎ ውስጥ ገቡ። ከመሄድዎ በፊት ግን ማይክሮፎኑን ለእኔ ሰጥተው «ስለመጡ አመስግኛቸው» ማለትዎን አልረሳም። አመሰገንኳቸው። አፌን ስከፍት አንድ ሰው ከሰልፉ መሃል «ኧረ ያቺ ናት አቦ! ድምፅዋ ነው፣ የባጃጇ ልጅ ናት ወላሂ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን በሦስቱም ቋንቋ ነው የሰማሁት፤ በአንዱም ልጽፈው አልችልም።

አራተኛ፦ ስለ ኑሮዬ። ከዚያች ቀን ወዲህ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። አንድ ጊዜ ብዬ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረና አንዲት እናት «ቬንትሌተሬስ?» አሉኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪወርድ ዝም ብዬ እጠብቅና በፀሐይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እናቴ ማስታወቂያው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ባጃጁ በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ሱቋን ትታ በር ላይ ትቆም ነበር። አሁን ሰው ሲጠይቃት «ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል» ትላለች። «ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል» ሲባል እሰማ ነበር፤ የእርስዎ ግን ባጃጅ ላይ ስለተጫነ እያደር ሩቅ ይሄዳል። «የድሬ ልጆች ስሙ!» የምትለዋን የንባቤን መክፈቻ ቆርጠው አስቀምጠው፣ ዛሬም ለሶፋ ቤትና ለጥርስ ክሊኒክ እየቀጠሉ ያዞሯታልና። እኔ ቤት ተቀምጬ ድምፄ ከተማውን ይዞራል፤ በኔ ዕድሜ እንዲህ ሥራ የበዛለት ሰው አላውቅም።

አምስተኛ፦ ይህን ቁጥር ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የባቡር ሠራተኛ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው። እኔን ከአራስነቴ ጀምሮ በለቅሶዬ ለይታ ታውቀኛለች። ባጃጁ ሲያልፍ ሰምታ «ሂንዳ ካለችማ እውነት ነው» ብላ፣ በዱላዋ እየተመራች ድልድዩን ተሻግራ በጨለማ ሄደች። በሰልፉ አራተኛ ነበረች። የነበረው ሦስት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ አራተኛ ነበረች። ማንንም ሳትሳደብ በእግሯ ተመለሰች። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ «ይቅር በይኝ» ስላት፣ ራሴን ዳሰሰችና «ተይ ልጄ፣ ያ ድምፅ አንቺን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ይህንን ከእርስዎ ቢሮ ሳይሆን ከእሷ ደጃፍ ተምሬያለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ ግምገማው። በላኩት ቅጽ ላይ «የመግባባት ችሎታ» በሚለው ረድፍ ከአምስት ሁለት ሰጥተውኝ፣ «ሕዝብ ፊት ስትቆም ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል» የሚል አስተያየት ማስፈርዎን አማካሪዬ አንብበውልኛል። ትክክል ነው፤ ተንቀጥቅጧል። የእርስዎ ድምፅ በዚያች ሰዓት ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለመመዘን ግን በአካባቢው ስላልነበሩ አልቻልንም።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ድምፄ ያለበት ቅጂ ሁሉ ከየባጃጁ እንዲወርድልኝና፣ ያንን ጽሑፍ የጻፈው ማን እንደሆነ በዚያው ማጉያ፣ በዚያው መንገድ፣ በራስዎ አንደበት ለሕዝቡ እንዲነገርልኝ ነው። በሦስት ቋንቋ ቢያስቸግርዎ በአንዱ ይበቃናል። የግምገማውን ሁለት ነጥብ እንዳለ ይተዉልኝ፤ ወድጄዋለሁ።

በክረምቱ ላሳዩኝ አባታዊ እንክብካቤ፣ እውነትን ከትኩረት ለይቼ እንዳውቅ ስላደረጉኝ፣ እንዲሁም አየር ማጣሪያ አጠባ በማስተማር የዕድሜ ልክ ሙያ ስላስጨበጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ ጆሮ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

ሂንዳ ዐብዲናሲር
የቀድሞ «ያቺ ኢንተርኗ»

ግልባጭ፦
– ለዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ
– ለኒሞ፣ ቢዮ አዋሌ
– በሰልፉ ከአራተኛ እስከ መቶኛ ለነበራችሁ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ሹፌር ዲሪዬ አማቱ በሰልፉ አሥራ አንደኛ ስለነበረች እስካሁን ቤቷ መግባት አልቻለም። ስለዚህ መልስዎ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ባጃጁን ዐርብ ቀን ሙሉ ሊያዞርልኝ ተስማምቷል። አዲስ ቅጂ በሦስቱም ቋንቋ ቀርጸናል። እንዲህ ይላል፦ «የድሬ ልጆች ስሙ! ሂንዳ ዐብዲናሲር ነኝ። መቶ ቬንትሌተር አለ ብዬ ያታለልኳችሁ በኔ ድምፅ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ጽሑፉን የሰጡኝ አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው። መጠየቅ የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከዚራ ቢሯቸው ኑ፤ እኔም እዚያው ነኝ። የሚታደል ነገር የለም።» ከማሰራጨታችን በፊት እማማ ወለተ ጊዮርጊስን አስደመጥናት። ጆሮዋን ማጉያው ላይ አስጠግታ እስከ መጨረሻው ሰማችና «አዎ፣ ይቺስ ሂንዳ ናት» አለች። ቅዳሜ አንደኛ ሆና ለመሰለፍ ቆርጣለች። ደረጃው ስለሚያደክማት እባክዎ ኤርኮንዲሽነሩን ቀደም ብለው ይክፈቱልን፤ ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ በእጄ ነው ያጠብኩት።