ሁለቱ ጠመኔዎች

እህት ዓለሜ፣

አልኮል ሲጨመርበት ዳይክሮሜት የሚባለው ብርቱካናማ ኬሚካል አረንጓዴ እንደሚሆን እኔና አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሁለት ጠመኔ እየሳልን አስተማርን። ተማሪዎች «እናንተ አይታችሁታል?» ሲሉን ሰሌዳ እያጠፋን እናልፋለን። ዛሬ ለሥልጠና በመጣሁበት ቤተ ሙከራ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እንደ ጠመኔያችን ደማቅ አይደለም፤ ጠቆር ይላል። «አየሽ?» ብዬ ዞር ስል አጠገቤ የማላውቀው ሰው ብልቃጥ ያጥባል። በሦስት ካርቦን የተከበበው የአልኮል ዓይነት ሲጨመር ግን ወይ ፍንክች፤ ብርቱካናማው እንዳለ ቀረ። ሦስት ልጆችሽ ከብበውሽ «እኔ የትም አልሄድም፤ አንተ እይልን» ያልሽኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ተማሪዎቹ ዳግመኛ ከጠየቁሽ ሰሌዳውን አታጥፊ፤ «አይቶልናል» በያቸው።