ሰማያዊው ወረቀት

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ፤ ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

እህትህ ጀምራ የተወችውን አልበም ከቀብሯ ወዲህ እኔ እየጨረስኩት ነው። ባለመስመሩን ሰማያዊ ወረቀት ለእሷ፣ ባለአበባውን ለአንተ ለይቼ ነበር። ማክሰኞ ግን ተሳስቼ ያንተን ፎቶ በሰማያዊው ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አይታ፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ! ያለውን ከሌለችው ጋር?» ብላ ጮኸችብኝ።

«መነጽሬን ተቆጪው እንጂ እኔን አይደለም» ብዬ አሳቅኳት። ስትወጣ በቢላ ላላቅቀው ስል ፊትህ ተቀደደ።

ሌላ ፎቶ ላክልኝ። የድሮ ሳይሆን የዚህ ሳምንት ይሁን። ለልደትህ በባለአበባው ወረቀት የሠራሁልህ ካርድ ሳይከፈት ተመልሶብኛል። ፖስተኛው «ቤት ቀይሮ ይሆናል፣ እማማ» አለኝ፤ እኔም «ይሆናል» አልኩት። ይህን የምልከው በመሥሪያ ቤትህ አድራሻ ነው።

አብሮ ባዶ ካርድ አለ፤ አድራሻችንን ጽፌ ቴምብር ለጥፌበታለሁ። ሥራ ስለሚበዛብህ ደብዳቤ ጻፍ አልልህም። አንዴ ብቻ በእስክሪብቶ ጫር አድርግበት፤ የእጅህን ጽሕፈት ሳየው አውቀዋለሁ።

ክፉ አይንካህ፤ የእግርህን ኮቴ ያሰማኝ።

እናትህ