ከንፋስ መከላከያው ላይ አራት ጣት

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ከኩሓ ማዶ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ፍየል ከትቤ ገባሁ። አንዷ እግሬን ረግጣኛለች፤ እሱ ምንም አይደለም። አንገቴ ነው የገደለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ስደርስ ያ ንፋስ እንደ ልማዱ ሄልሜቴን ይዞ ይንጠኝ ጀመር። ቤት እስክገባ ራሴን ለሁለት ፈለጠው... እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ዓይደር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ አንገቴን ወዲያ ወዲህ አዟዟረና ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ሞተር እነዳለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ መሆኑን ካርዱ ላይ አንብቦ ይሆናል። ሄልሜቱን የሚያናውጠው ንፋስ ነው አለኝ። «ወይ ሞተሩን ይተዉ፣ ወይ ንፋሱን ያስቁሙት።»

የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛዬ።

ጥር 8፣ አርብ

የፈሩት ይደርሳል። ኣይተ ሓድጉ፣ አለቃችን፣ ወረቀቱን አይቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ አንድ ሌላ የሕመም ፈቃድ ካመጣሁ ሞተሩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥና እኔ መጋዘን እንደምገባ ነገረኝ። «ሓፍተይ፣ ላንቺው ብዬ ነው» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

እኔ መጋዘን? ሲሪንጅ ልቆጥር? ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ቢሮ ስቀጠር ሴት ሞተር ላይ አልወጣችም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ የክትባቱን ሳጥን ተሸክሜ በእግሬ ሄጃለሁ። አሁን ንፋስ ሊያስወርደኝ ነው?

ምን ቆርጦኝ!

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ጀላሉ ዘንድ ሄድኩ። ዓይደር መንገድ ላይ ለፋርማሲዎችና ለክሊኒኮች ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራው የሐይቅ ከተማ ልጅ። እንደ መስታወት በሚያሳየው ወፍራም ፕላስቲክ ለሞተሬ የንፋስ መከላከያ ይሥራልኝ አልኩት። ለሞተር ሠርቶ አያውቅም። ግን ዓይኑ በራ።

ሞተሬ ላይ ተቀመጡ አለኝና ሜትሩን አወጣ። በሱቆቹ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ወደኔ ዞሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዞሩ ነው... ሴት ሞተር ላይ ስታይ ምን ይነካሃል? እኔም ትከሻዬን ነፋሁ፤ አገጬን ቀና አደረግሁ። ጀላሉ ከመሪው እስከ አፍንጫዬ ለካ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

በዓል። ሞተር ሳልነካ ሦስት ቀን። አንገቴ ደህና ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የንፋሱ ነው፤ የኔ አይደለም።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ተገጠመ! እንዴት ያምራል። በጋለ ሽቦ ላይ አሙቆ አጠፈው፤ ጠርዙን በጥርስ ሳሙና እያሸ መስታወት አስመሰለው። አራት ብሎን፣ ሁለት ብረት፣ አለቀ። ጀላሉ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው፤ ቀረብ ብሎ ደግሞ አየው። ልጅ የወለደ ነው የሚመስለው። በረንዳ ላይ ያሉት እንኳ ዛሬ ያዩት እኔን ሳይሆን መከላከያውን ነው።

ነገ እናያለን፣ ኣይተ ሓድጉ።

ጥር 15፣ አርብ

ዛሬ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ጠዋት ስሄድ ደረቴ ላይ ንፋስ የለም፤ ደስ አለኝ። ከኩሓ ካለፍኩ በኋላ ግን ከመከላከያው አናት የሚያልፈው ንፋስ ግንባሬን ይደልቀው ጀመር። ከበፊቱ ብሶ! ጠርዙ ደግሞ ልክ ዓይኔ ላይ ነው፤ መንገዱን ለሁለት ይቆርጥብኛል። ከላይ ልይ? ከታች ልይ?

ማታ ስመለስ ፀሐይዋ ከፊት መጣች። መከላከያው ቀኑን ሙሉ የጠጣው አቧራ በአንዴ ነጭ ሆነ። መንገድ የለም፤ ነጭ ብቻ። ጋሪውን ያየሁት አህያዋ አጠገብ ስደርስ ነው። ፍሬን ያዝኩ። በአንድ ክንድ ያህል ተረፍን፣ እሷም እኔም። ጋሪ ነጂው ሊሰድበኝ አፉን ከፍቶ ሴት መሆኔን ሲያይ ዘጋው። ምነው በሰደበኝ።

ራሴን ያመኛል። ለሐኪም አልሄድም። ብሄድ አራተኛው ወረቀት ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጀላሉን ሰደብኩት። ልትገድለኝ ነው ወይ አልኩት፣ ደንበኞቹ ፊት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ጊዜ፦

«እትዬ እማዋይሽ፣ ወላሂ እኔ የለካሁት የተቀመጡልኝን ነው። መንገድ ላይም እንደዚያ ነው የሚቀመጡት?»

እንዴታ አልኩት። ታዲያ ነገ የኩሓ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ልቀመጥ፤ እርስዎ በጎን ይንዱ፤ በስልኬ ልቅረጽዎ አለኝ። ይቅረጸኝ! ማን አጥፊ እንደሆነ ያያል።

ጥር 17፣ እሁድ

አየሁ።

ኩሓ ወርደን ስልኩን ሰጠኝ። አንዲት ሴት ሞተር ላይ። ጎብጣ፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሶ፣ አገጯ ወደ መሪው ወርዶ። ይቺ ማን ናት? ልል ምንም አልቀረኝም። ጃኬቱ የኔ ነው።

ጀላሉ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ከከተማ እስክወጣ ቀጥ ብዬ ነበር አሉ፤ ሰው ሲያልቅ ጎበጥኩ። ሚኒባስ ውስጥ ያሉት እናቶች ሳይቀሩ አይተዋል። አንደኛዋ «ደክሟት ነው እኮ» ብላለች።

አልደከመኝም። እንዲህ ነው የምነዳው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የነዳሁት፣ ሳላውቀው። በረንዳው ፊት የተለካችው ሴትዮ ግን መንገድ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው። ለጀላሉ ነገርኩት። ይቅርታም አልኩት።

ጥር 18፣ ሰኞ

ከሥራ በኋላ ጀላሉ ዘንድ። በረንዳው ሙሉ ነው። ሞተሬ ላይ ወጣሁ። ሄልሜቴን አደረግሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የኩሓን ዳገት አሰብኩ። ጎበጥኩ። ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ... ጆሮዬ ጋለ። ጀላሉ «እንዳይነቃነቁ» አለና ለካ። ዓይኔ ጠርዙን አሻግሮ መንገዱን እንዲያይ አራት ጣት ከላይ መቆረጥ አለበት።

መጋዙን ይዞ ቆመ። ያንን በጥርስ ሳሙና ያሸውን ጠርዝ ሊቆርጥ ነው። ቁረጠው አልኩት። ዞር ብሎ «ቢስሚላህ» አለና ቆረጠ። አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ገና አልሆነም። ጠርዙ ከዓይኔ ወርዷል፤ መንገዱ ይታየኛል። ግን ሄልሜቴን አሁንም ይነቀንቀዋል። ጀላሉ የጥጥ ክር ቆራርጦ መከላከያው ላይም ሄልሜቴ ላይም ለጠፈ፤ ንፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ክሩ ይናገር አለ። እውነት ነው፤ ከመከላከያው ኋላ ያሉት ክሮች ወደፊት፣ ወደ ፕላስቲኩ ይሳባሉ! ኋላው ባዶ ስለሆነ ንፋሱ ተመልሶ ይገባና ይናጣል። ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ አድርገን ክፍተት ተውንለት፤ አናቱንም ወደኔ ትንሽ አጋደልነው። አንዱን ብሎን ስንት ጊዜ እንደፈታን አላውቅም።

በሰባተኛው ሙከራ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ክሮቹ ጸጥ ብለው ተኙ። ሄልሜቴም ጸጥ አለ። የሞተሬን ድምፅ ሰማሁ። በንፋሱ ጩኸት ስንት ዓመት ሳልሰማው ኖሬአለሁ? ቆሜ አለቀስኩ። ለማንም አልናገርም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሦስት መቶ አርባ በግ። ደርሶ መልስ። ፀሐይዋ ከፊት መጣች፤ ከመከላከያው በላይ አሻግሬ መንገዱን አየሁ። ራሴን አላመመኝም። እራቴን ሁለት ጊዜ በላሁ።

የካቲት 20፣ አርብ

ወር አለፈ፤ አንድም ወረቀት አላመጣሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኣይተ ሓድጉ ግን ለቀቀ። ጠዋት ጠራኝና የዓመቱን የሞተር መረከቢያ ቅጽ ከፊቴ አደረገው። የተረካቢ ስም የሚለው ባዶ ነው። ሌላ ሰው አስቦ ነበር፤ አልዋሸኝም።

«እስከ መቼ ነው የምትነጂው፣ ሓፍተይ?» አለኝ።

«ጡረታ እስክወጣ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። እማዋይሽ ብዬ ጻፍኩ፣ በትልቁ። ሃያኛ ጊዜዬ ነው። ኮርቻለሁ፤ እዚህ ማንም ስለማያነበው ደግሜ ልጻፈው፦ ኮርቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ከታቢ ሳይገኝላቸው የከረሙት ሁለት ቀበሌዎችም የኔ ናቸው።

ወደ ቤት በዓይደር በኩል ተመለስኩ። በረንዳ ላይ ያሉት ያው ተቀምጠዋል፤ ያው ዞሩ። ቀና አላልኩም። እንደምነዳው ነድቼ አለፍኩ።