ቀዩን መጋዝ ለማንም አታውሺ

እትዬ፣
አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ።

እንጨት የምትቆርጪው በአዲሱ የሞተር መጋዝ ይሁን። ለመነሳት ደጅ ያስጠናል፤ ድንገት ሲዘልብሽ ግን ፍሬኑ ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል።

ቀዩ በአንድ ጉተታ ይነሳል፣ ግንዱንም እንደ ጎመን ይከትፈዋል፤ ጋሼ የወደደው ለዚህ ነበር። ፍሬኑ ግን አይይዝም። ለማንም እንዳታውሺው።

ከጋሼ ቀብር ወዲህ «ወንድምህን ምን አዘናጋው?» ባልሽኝ ቁጥር ዝም አልኩሽ። አልተዘናጋም። ፍሬኑ መሰበሩን በዋዜማው ያየሁት እኔ ነኝ። ተኳርፈን ስለነበር «ነገ ይደርሳል» ብዬ ተኛሁ።
ጠዋት የቀሰቀሰኝ የቀዩ ድምፅ ነው።

አሁንም በየጠዋቱ ይቀሰቅሰኛል። ትናንት እንዳይነሳ ካንዴላውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

ዛሬም ተነሳ።