ሁለት ጊዜ ያለቀው ፊልም

እሑድ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም አያቴን፣ አባባን፣ ይዤ ልብስ ሰፊው ሱቅ። "ይዤ" አልኩ እንጂ ይዞኝ የሚሄደው እሱ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ እኔን ሳይሆን ስልኬን ነው። የአክተር ስም ሲጠፋባቸው "እስቲ ያንን ነገር ጠይቂልን" ይሉኛል። መልሱን ስነግራቸው አያምኑም። "ስልክ ምን ያውቃል? ያኔ ተወልዷል?" ታዲያ ለምን ታስጠይቁኛላችሁ?

ፓርላማ ነው የምላቸው። በልቤ። አንድ ቀን ታሪክ ጸሐፊ ቢፈልጋቸው እንዳይቸገር ልጻፋቸው። አባባ ድሮ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። ሲኒማ ቤቱ አሁን የጎማ መጋዘን ሆኗል፤ በዚያ ባለፍን ቁጥር አባባ ኮፍያውን ያነሳል። ለጎማ! ልብስ ሰፊው ጋሼ የልጅነት ጓደኛው ናቸው። ፊልም ሲያዩ ልብስ ብቻ ነው የሚያዩት። ጦርነት ይሁን ፍቅር ግድ የላቸውም፣ "ኮሌታውን ማን እንደቆረጠው!" ይላሉ። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ፊልም ላይ አንድም ሰው በደንብ ሞቶላቸው አያውቅም። "ጥይት ደረቱ ገብቶ ይሄን ሁሉ ኑዛዜ? በየትኛው ሳንባ?" ዳኛው ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ፊሽካቸው ግን አልወጣም። ሰው ፊልም ሲተርክ ጣልቃ የገባ ቢጫ ካርድ ያያል። ከክር ካርቶን ተቆርጦ ቀለም የተቀባ። ቀይም አለ። ቀይ ያየ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ድርሽ አይልም። እስካሁን ማንም አላየውም።

እኔ ድምፅ የለኝም። "በየሳምንቱ ምርጥ ፊልሟን የምትቀይር ልጅ ድምፅ አይሰጣትም" ብለው ወሰኑ። በአብላጫ።

ትልቁ ዜና፦ ስንት ዘመን የተከራከሩበትን የምንጊዜም ምርጥ ፊልም ሊወስኑ ነው። ያሸነፈውን እኔ ፈልጌ አገኛለሁ፣ ከትምህርት ቤት ፕሮጀክተር እዋሳለሁ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይታያል። ስለዚህ ድምፅ የለኝም እንጂ ሥራ አለኝ። እንደ ቤታችን ማለት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ጉድ! ፓርላማው ፈረሰ!

ተራው የአባባ ነበር። ያው "የጀልባው ፊልም"። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ በማያውቁት የውጭ ቋንቋ ነው ያዩት። ያኔ ከሥር የሚጻፍ ትርጉም የሚባል ነገር የለም፤ ታሪኩን ከፊታቸው እያነበቡ ነው የተረዱት። ሰውየው ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ይወጣል። ሚስቱና ትንሹ ልጁ ይጠብቁታል። ማዕበል ይነሳል። ጀልባዋ ባዶዋን ትመለሳለች። ያለቅሳሉ።

አባባ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ይነሳል። "ከዚያ ጽሑፍ ይመጣል! አለቀ ብለህ ኮትህን ትለብሳለህ። ሰው ወደ በሩ ይጋፋል። እና... ይቀጥላል! ሰውየው በባሕሩ ዳር በእግሩ ሲመጣ ታያለህ! ሰዉ የቆመበት ደርቆ ቀረ። አለቀ ብሎ አስነስቶ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ እንዲህ የደፈረ ዳይሬክተር በዓለም ላይ አለ?"

"አልመጣም።" ልብስ ሰፊው ናቸው፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ።

ፊሽካ። ቢጫ።

"ሰምጦ ነው የቀረው። እኔም አይቼዋለሁ፣ ስፌት ልማር በሄድኩበት ከተማ።"

"ተኝተህ ነበራ!" አለ አባባ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ እንዲያውም ትንሽ አበዛሁት።

ሲስተር ጨመሩበት፦ "ደግሞስ አክተር ይሞታል እንዴ?"

"አልተኛሁም! ሰውየው ከመጣ በኋላ ነው ሚስትየዋ የኮቱን ክርን የምትጥፈው። ባሕር ላይ ሲሰጥም ኮቱ ላይ እራፊው አለ። ሳይጣፍ እንዴት እራፊ ይኖረዋል?"

"አንተ እንግዲህ ሰው ሲሰጥም ክርኑን ታያለህ..." አለ አባባ።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊው የተነሱት። ሜትሩ አንገታቸው ላይ እየተወዛወዘ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "አጭበርባሪ! የማይመጣ ሰው ይመጣል እያልክ ስንቱን ሸወድክ!"

ዳኛው ቀይ አነሱ። ለሱቁ ባለቤት! በገዛ ሱቃቸው!

ልብስ ሰፊው ቀዩን አዩት፣ "እሺ" አሉ፣ መብራቱን አጠፉ። ሁላችንንም አስወጥተው ቆለፉት። አስፋልት ላይ ቆመን ቀረን። ሲስተር የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ።

ከሳቄ ብዛት ሆዴን አመመኝ። አባባ ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

የአባባ ሱሪ ቁልፍ ተበጥሷል። ቁልፉን ኪሱ ይዞ ይዞራል። እማዬ "አምጣው ልስፋልህ" አለችው። "ሰፊ አለኝ" አላት። ሱሪውን በእጁ ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

አገኘሁት!!

አሮጌ ፊልሞች የሚሰበሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ እዚያ ታች ወርጄ። ከሥሩ የትርጉም ጽሑፍም አለው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አየሁት። ዓላማዬ ግልጽ ነበር፦ ልብስ ሰፊውን አፋቸውን ማስያዝ፣ ከዚያ አባባን ለአንድ ወር "ያለኔ የት ትደርስ ነበር" እያልኩ ማሰቃየት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ሲስተር ከፊልሙ በቃላቸው የያዟት የፍቅር ቃል አለች፤ በየዓመቱ በጋብቻቸው ቀን ለባለቤታቸው በውጭ ቋንቋ ይሏታል። ትርጉሙ "ጣሪያው ያፈሳል" ማለት ነው።

ከዚያ ሳቄ ቀረ። ሰውየው መጣ። ገና ሳይሰጥም። ሚስቱ ክርኑን ጣፈችለት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ልጁ ጭኑ ላይ ተኛ። ከዚያ ተመልሶ ባሕር ወጣ፣ ከነእራፊው። ማዕበል። ባዶ ጀልባ። ለቅሶ። ጽሑፍ፦ "ተፈጸመ"።

ጠበቅኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። የራሴን ፊት አየሁት።

ምንም አይቀጥልም።

ልብስ ሰፊው አልተኙም ነበር። እኛ ሰፈር የታየው ፊልም ነው የተገለባበጠው። መጨረሻው ቀድሞ፣ መሃሉ ኋላ። ዳይሬክተሩ ምንም አልደፈረም። ያጫወተው ደግሞ... አባባ።

አሁን ምን ላድርግ? ዝም ብል ልብስ ሰፊው ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። ብናገር የአባባ ትልቁ ፊልም ስህተት ይሆናል። ለሰው የሚያወራው ሌላ ምን አለው?

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ፓርላማ የለም። አባባ ግን ለባብሶ በር ላይ ተቀመጠ። በገመድ የታሰረ ሱሪ ላይ ኮት። የሚጠራው ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። "የት ልትሄድ ነው?" ስለው "አየር" አለኝ።

ዳቦ ልገዛ ብዬ በሱቁ በኩል ዞርኩ። ልብስ ሰፊው በሩን ገርበብ አድርገው ይሰፋሉ። ብቻቸውን! አራቱ ወንበሮች እንደተደረደሩ ናቸው፤ አላነሷቸውም።

"አያትሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ቁልፉ ተበጥሷል።"

"የቱ?"

"የሱሪው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናውን ትንሽ አስኬዱና አቆሙት። "ፊልሙን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው ያየሁት" አሉ። "እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ፍለጋ ወጣ። እንደወጣ ነው። እና እኔ እዚህ ስመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ 'ሰውየው ይመጣል' ይለኛል። አንዱ ይነግረኛል፣ ሌላው ይነግረኛል። ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። ያን ቀን ግን..."

ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

አሳየሁት። በአፌ መናገር አልቻልኩም፤ "አባባ የሆነ ነገር ልታይ ነው" ብዬ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደገፍኩለት። መነጽሩን ጠረገ። ጀልባዋን ሲያይ እንደ ልጅ ጮኸ። እያንዳንዱን ነገር ቀድሞ ይነግረኛል፦ "አሁን ውሻው ይመጣል! አሁን ፋኖሱ ይወድቃል!" 

ከዚያ ሰውየው በባሕሩ ዳር መጣ። አባባ "ቆይ" አለ። "ገና ነው እኮ... ስልክሽ ዘሎታል።"

"አልዘለለም፣ አባባ።"

እስከ መጨረሻው አየ። ካለቀም በኋላ ጥቁሩን ሲያይ ቆየ። እኔ ሻይ አፈላሁ። ምን ላድርግ ሌላ?

ሻዩን ትቶ እጁን ማንቀሳቀስ ጀመረ። አየር ላይ የሆነ ክብ ነገር እየከፈተ። "ፊልሙ በቆርቆሮ ነበር የሚመጣው፣ ጥቅልል ጥቅልል ሆኖ። ቁጥሩ ክዳኑ ላይ ነው። ጥቅልሉ ላይ አይደለም... ክዳኑ ላይ። ከኛ በፊት ያጫወተው ሰው ሲከድን ካምታታው..." እጁ ቆመ። "ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ሲቀጥል እኔም እንደ ሰዉ ደነገጥኩ። እንዴት ያለ ዳይሬክተር ነው አልኩ።"

እንዲስቅ ጠበቅኩ። ራሴ ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

አባባ ጠዋት ወጣ። ሲመለስ ሱሪው ተቆልፏል።

"ምን ተባባላችሁ?"

"ሰፋልኝ።"

"ሌላስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ?" ከዚያ በሩ ላይ ዞር ብሎ፦ "ፕሮጀክተሩን ተዋሺ። ደግሞ... ያኔ እንዳሳየሁት አድርገሽ መልሰሽ ልታገላብጪው ትችያለሽ?"

እሑድ፣ ጥቅምት 26

እጄ ደክሞታል ግን ሁሉንም ካልጻፍኩ አልተኛም።

ልብስ ሰፊው ነጭ የገበር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥረው ነበር። በካውያ ተኩሰውታል! "የተጨማደደ ጨርቅ ላይ የሰው ፊት አይታይም።" የትርጉም ጽሑፉን አጠፋሁት። ለሲስተር ስል። ጣሪያው እንዳፈሰሰ ይቅር።

ዳኛው መጀመሪያ አልገባም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። "ቀይ ያየው እሱ፣ ይቅርታ የጠየቀው አንተ። ይሄ በየትኛው ደንብ ነው?" አባባ "በኔ" አላቸው። ዳኛው አሰቡ፣ አሰቡ፣ ቀዩን ኪሳቸው ከተቱት። "ጨዋታው ይቀጥል።"

አባባ መጀመሪያ የልብስ ሰፊውን ፊልም አስከፈተኝ። እውነተኛውን። ሰውየው ገና መሃል ላይ ሲመጣ ሲስተር ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። ባዶዋ ጀልባ። ለቅሶው። ጽሑፉ። ሲስተር ፈገግ አሉ፦ "በሉ ተነሱ፣ አሁን ነው የሚመጣው!"

ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"የታለ?"

"እዚህ ያበቃል" አለ አባባ። ቆሞ ነው። ኮፍያው እጁ ላይ። "ያኔ ክዳኑ ተምታቶ ነው። እሱ ልክ ነበር።"

ሲስተር የተናገሩት አይረሳኝም። "ታዲያ እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ የገባሁት በስህተት ነው?" ዳኛው ፊሽካቸውን ያገላብጣሉ። አባባ እንደዚያ አጥሮ አይቼው አላውቅም። ምነው ባላገኘሁት ኖሮ አልኩ... እውነቴን ነው።

"አሁን የእናንተን አሳዩኝ።"

ልብስ ሰፊው ናቸው። "ሰዉ ሁሉ ያየውን እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት። አሳዩኝ እንጂ።"

የቆረጥኩትንና የገጠምኩትን ከፈትኩ። ማዕበል፣ ጀልባ፣ ለቅሶ፣ ጽሑፍ። እና ሲስተርና ዳኛው... ተነሱ! ማንም ሳያዛቸው። ሲስተር ቦርሳቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። ልብስ ሰፊው እንደተቀመጡ ናቸው። ጨርቁ ጠቆረ።

ከዚያ ባሕሩ። የሩቅ ሰው። በእግሩ።

ሲስተር ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ደርቀው ቀሩ። እኔ ግን የማየው ልብስ ሰፊውን ነበር። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ሰውየው እየቀረበ ነው። ልጁ አላወቀውም። ከዚያ አወቀው፣ ሮጠ። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አወለቁ። ሚስትየዋ ክርኑን ስትጥፍ አላዩም። እሳቸው! እራፊውን!

ሲያልቅ ማንም መብራት አላበራም። 

"ኮቱ ስህተት ነው" አሉ ልብስ ሰፊው በመጨረሻ። ድምፃቸው ሻክሯል። አፍንጫቸውን በቁራጭ ገበር ጠረጉ። "እስቲ ከመጣበት ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ያኔ ወደ አባባ ዞሩ። "አለቀ ብሎ አስነስቶ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ እንዲህ የደፈረ ዳይሬክተር የለም ስትል የኖርከው..."

"ተወኝ ባክህ።"

"ዳይሬክተሩ አንተ ነሃ!"

መጀመሪያ የሳቁት ሲስተር ናቸው። አባባ ኮፍያውን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

እሑድ፣ ኅዳር 3

ድምፅ ተሰጠኝ! "ፊልም ቆርጣ የገጠመች ልጅ ሙሉ አባል ናት" አሉ ዳኛው። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ የመረጥኩትን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ አለብኝ።

"የጀልባው" አልኩ።

አባባ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እንዳልሰማ። "የቱ? የኔ ወይስ የሰፊው?" እንኳ አላለኝም።

ጀመርኩ። ሳላሾፍ። ውሻውን አልዘለልኩም፣ ፋኖሱንም። ማዕበሉ ላይ ስደርስ ዳኛው ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተውት ነበር። ባዶዋን ጀልባ ተረኩ። ለቅሶውን። "ጽሑፉ መጣ" አልኩና... ቆምኩ። ከዚህ ወዲያ በየት እንደምሄድ በእውነት አላወቅኩም። የማንን ልንገር? አባባ አያየኝም። ልብስ ሰፊው መርፌ ላይ ክር እያስገቡ ነው።

"ይመጣል" አሉ ልብስ ሰፊው። ከመርፌው ቀና ሳይሉ። "ምን ቆመሻል? ቀጥዪ እንጂ፣ ይመጣል።"

ፊሽካ! ጣልቃ ገብተዋል። ቢጫ ካርድ።

ካርዱን ተቀብለው መኪናው ላይ አስደገፉት።

ቀጠልኩ።