ስላልሠለጠነችው ልጄ፣ ለሠለጠኑት ርዕሰ መምህርት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። መላ ሰውነትዎ ደህና እንዲሆን፣ በተለይም ኩላሊትዎና የሽንት ፊኛዎ እስከ እርጅናዎ ድረስ ሳይለግሙ እንዲያገለግሉዎ ከልብ እመኛለሁ፤ የእነዚህን የሁለቱን ውለታ ሰው የሚያውቀው ሲቸገር ብቻ ነውና።

እኔን አይተውኛል፤ ማን እንደሆንኩ ግን አያውቁም። ባለፈው ሐሙስ የቢሮዎ መጸዳጃ ቤት ሞልቶ ሲያስቸግርዎ አስጠርተውኝ፣ ወለሉ ላይ ተኝቼ ቱቦውን የከፈትኩልዎ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ልጄን ማመላለስ የእናቷ ድርሻ ስለሆነ በር ላይ አላዩኝም እንጂ፣ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ «ልጅዎ ገና ስላልሠለጠነች እስክትሠለጥን ድረስ ወደ ተቋማችን እንዳትመጣ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልሠለጠነች ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የጻፉባት የሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሕፃንም አባት ነኝ። ቤት ውስጥ እሜቴ እንላታለን፤ ማዘዝ ስለምትወድ ነው። ሐሙስ ዕለት የመጣሁት ሥራዬን ስጨርስ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ልጄን እንዲመልሱልኝ ልለምንዎ ነበር። ሳልለምንዎ የሄድኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥራዬም ስለሆነ ከሥሩ እጀምራለሁ። እሜቴን ፖፖ ላይ ማስቀመጥ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብናል። በመጀመሪያው ሳምንት አረንጓዴዋን ፖፖ ባርኔጣ አደረገቻት። በሁለተኛው አሻንጉሊቷን አስቀመጠችባትና ራሷ ከጎን ምንጣፉ ላይ ሸናች። በሦስተኛው እኔ፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ቧንቧ ስከፍት የኖርኩ ሰውዬ፣ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ ከንፈሬን አሹዬ «ሽሽሽ» ስል ዋልኩ፤ የእኔው ሽንት መጥቶ ጥያት ስሮጥ እሷ እዚያው አሻንጉሊቷን ታወራለች። ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ወረደ። ተነሥታ ውስጡን አየች፣ አጨበጨበች፣ ሊደፋባት ሲሆንም አለቀሰች። አያቷ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ በሰው ፊት «ሽንቴ መጣ» ማለት ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ጨዋ ሴት ስለሆኑ፣ «እንግዳ መጣ» እንድትል አስተማሯት። ከዚያ ወዲህ ሲመጣባት «እንግዳ መጣ» ትላለች፣ ሲወርድላት ደግሞ «እንግዳው ሄደ» ብላ በእጇ ትሸኘዋለች። እናንተ ዘንድ የገባች ዕለት ልብሷ ከረጠበ ሃያ ሦስት ቀን አልፎት ነበር። እኔ በበኩሌ ሥልጣኔ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በምዝገባ ቅጽዎ ላይ «ልጁ ሽንት ሲመጣበት የሚናገረው ቃል» የሚል ጥያቄ ስላካተቱ አመሰግናለሁ። ጠያቂ ይኑር ያሰኛል። እኔም በጉልህ፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበት፣ «እንግዳ መጣ» ብዬ ሞላሁ። ቅጹን እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ከፍቶ እንዳላየው ደርሼበታለሁ፤ ምናልባት ጥያቄው የተጻፈው ለወላጆች የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ይሆናል።

፪. ሞግዚትዎን በተመለከተ፣ ጥሩ ተራኪ ናትና ሳላመሰግናት አላልፍም። ሐሙስ ዕለት እኔ መታጠቢያው ሥር ተኝቼ ሳለሁ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ኮሪደሩ ላይ ለባልደረባዋ የምታወጋውን ከሀ እስከ ፐ ሰማሁ። «አንዷ ጉደኛ» ትላታለች ልጄን። ልጄ በመጀመሪያው ቀን «እንግዳ መጣ» ስትላት ጥበቃውን ጠርታ በር አስከፈተች፤ ማንም የለም። በሁለተኛው ቀንም አስከፈተች፤ ማንም የለም። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው «እኔን መጫወቻ አደረገችኝ እኮ ይቺ ፍልፈል» ብሎ ስላማረረ፣ ልጄ «ውሸት አይለመድም» ተብላ ጆሮዋን ተቆነጠጠች። በአራተኛው ቀን እግሯን አጣምራ፣ ዕንባዋ እየወረደ «እንግዳ መጣ፣ እንግዳ መጣ» ስትል፣ «እንግዳ የለም፣ ተቀመጪ» ተባለች። ተቀመጠች፤ እንግዳውም መጣ። ከዚያ በረጠበ ሱሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጧትና፣ አሥራ ስድስት ሕፃናት በአንድ ድምፅ «ውሸታም» እንዲሏት ተደረገ። ሞግዚትዎ እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቀች፣ ባልደረባዋም ሳቀች። እኔ በእጄ ትልቁን መፍቻ ይዤ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ ሁላችንንም ያተረፈን ከላይ ያለው ብቻ ነው።

ከአራቱ ቀን በአንዱ እንኳ ሞግዚትዎ የልጄን ፊት ቀና ብላ ብታይ ኖሮ፣ የምን እንግዳ እንደሆነ ለመረዳት ዲግሪ ባላስፈለጋት።

፫. የእርስዎን መጸዳጃ ቤት ከፍቼ ስጨርስ፣ ውሃው የት እንደሚዘጋ ስፈልግ የሕፃናቱን ደረስኩበት። ሦስት ናቸው። የአንዱ ወንበር ላይ መጥረጊያና የቀለም ቆርቆሮ ተከምሯል፤ ሁለተኛው ውስጥ የአምናዎቹ ተመራቂዎች ካባ ታጭቋል፤ ሦስተኛው ውሃው ከዋናው ቱቦ ተዘግቶ በቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉም እርስዎ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ልጆቹ ውሃ እንዳያባክኑ ተብሎ በደወል በቀን ሁለት ጊዜ ጓሮ እንደሚወሰዱ ነገረኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በማኅተም ተረጋግጦ ሲመጣልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

፬. የሠለጠነች ልጅ ሰጥቼዎ ያልሠለጠነች መለሱልኝ። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ይህን አራተኛውን ላብራራ። እሜቴ አሁን ቤት ውስጥ ሲመጣባት ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ትቆማለች። እግሯን ከታች አያለሁ። ፖፖዋን ይዤ ሄጄ «የኔ እመቤት፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» ስላት፣ ካልሲዋ እየረጠበ ዓይን ዓይኔን እያየች «እንግዳ የለም» ትለኛለች። ውሸታም ላለመባል ትዋሻለች። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር የሆናትን ልጅ ይህን ያህል ማስተማር የቻለ ተቋም በእርግጥ ማኅተም ይገባዋል። አያቷ «ቃሉን እኔ ባላስተምራት ኖሮ» እያሉ ማዶ ማዶ እያዩ ይውላሉ፤ እናቷ ልብስ አስጥታ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ። በጨዋ ደንብ «ቅር ብሎኛል» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ቅር አላለኝም፣ ተናድጃለሁ፣ እስከማውቀውም ድረስ አይበርድልኝም።

ሳልደብቅዎ ልንገርዎ፤ ክፋት አስቤ ነበር። ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ሲቀየም መንገዱ ብዙ ነው። አንድ እፍኝ ሲሚንቶ በትክክለኛው ቦታ ላይ ብትቀመጥ፣ ቢሮዎን ለመንፈቅ አፍንጫዎን በጨርቅ ይዘው ያስተዳድሩት ነበር። እጄን የያዘኝ እርስዎን መፍራት ሳይሆን፣ ቱቦው በመማሪያ ክፍሉ ሥር ማለፉና አሥራ ስድስቱ ሕፃናት ምንም ያልበደሉኝ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ቱቦዎን አጽድቼ፣ ብሎኑን በደንብ አጥብቄ፣ ወለሉን ወልውዬ ወጣሁ፤ ሥራዬን ሠርቼ መሄድ ልማዴ ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እርስዎና ሞግዚትዎ ቤታችን ድረስ መጥታችሁ፣ መጋረጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ዝቅ ብላችሁ፣ ለልጄ «አልዋሸሽም፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» እንድትሏት። ወንበሯንም ለሌላ ልጅ እንዳይሰጡት፤ ተመልሳ እንደምትቀመጥበት እርግጠኛ ነኝ፤ እርስዎ የእርስዎን ወንበር በተመለከተ ይህን ያህል እርግጠኛ ይሁኑ አይሁኑ ግን አላውቅም።

ውድ ጊዜዎን ወስደው ይህን ያነበቡ እንደሆነ ከምዝገባ ቅጹ የተሻለ ዕድል ገጥሞኛል ማለት ነውና፣ ለላቀ ትጋትዎ፣ ለማኅተምዎ ጥራትና በቁልፍ ለተጠበቀው ንጽሕናዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ፣ ሐሙስ ዕለት ዝቅ ካልኩት ትንሽ ከፍ ብዬ፣ እገልጻለሁ።

ያልሠለጠነችው ልጅ አባት፣
የቧንቧ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
በዋናው በር ላይ ለተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጥበቃው፣ ሁለት ጊዜ በከንቱ ለተነሣው

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት ሥራዬን ስጨርስ «ለፈቃድ እድሳት ነው፣ እንደ ባለሙያ እዚህች ጋ ፈርምልኝ» ብለው የሰጡኝን ቅጽ «ቤት ሄጄ እፈርማለሁ» ብዬ መውሰዴን ያስታውሳሉ። «አገልግሎት የሚሰጡ የሕፃናት መጸዳጃዎች ብዛት» በሚለው ትይዩ «ሦስት» ተብሎ በእጅዎ የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ «አንድም የለም» ብዬ ጽፌ፣ ስሜንና ፊርማዬን አኑሬ፣ ዛሬ ጠዋት ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች በእጄ አስረክቤአለሁ። መቼ እንደሚመጡ ብጠይቃቸው ሳያስታውቁ እንደሚመጡ፣ ሲመጡም ርዕሰ መምህርቷን ቢሮዋ ውስጥ ማግኘት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ስለዚህ እስኪደርሱ ድረስ ከወንበርዎ ለአፍታም ባይነሱ ይመረጣል፤ ቢመጣብዎም ትንሽ ይቻሉት።