ስለ ማዕረጌና ስለ ቅሬያችን ግድግዳ ለጋሽ ምስጋናው

ለተከበሩ ጋሽ ምስጋናው፣
የሐይቅ ዳር ሰፈራችን የቀብር እድር፣ የቅሬያችን ዳኛ፣
ባሉበት።

በቅድሚያ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? አላህ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እኔም እናቴም ዱዓ እናደርጋለን፤ እርስዎም በበኩልዎ እስጢፋኖስን ለምነው ከፊቴ ያለውን ፈተና ቢያሻግሩኝ ውለታዎን አልረሳም። ይህን ደብዳቤ በቅሬው ቤት በር ላይ መለጠፌ ለእርስዎ ካለኝ ክብር የተነሳ ነው። በእጅዎ ብሰጥዎ አጥፈው ኪስዎ ይከቱትና ሰፈሩ ምስጋናዬን ሳይሰማ ይቀራል ብዬ ሰግቼ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታ በተራ አስቀምጨዋለሁ።

፩. ስለ ማዕረጌ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ዕለት፣ ምህንድስና ለመማር ገና ሌላ የመግቢያ ፈተና እንደሚጠብቀኝ ልነግርዎ አፌን ስከፍት፣ እርስዎ በቅሬው ስብሰባ መካከል ተነስተው «ከእንግዲህ የራሳችን ኢንጂነር አለችን» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ዩኒቨርሲቲ በስንት ዓመት የሚሰጠውን እርስዎ በአንድ ጭብጨባ ሰጡኝ። አገራችን እንደ እርስዎ ያለ ሬጅስትራር ቢኖራት ኖሮ ይሄኔ የት በደረሰች!

፪. ስለ ሥራ ዕድል። ስንቱ ምሩቅ ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት ዘመን እኔ ሳልማር ሥራ በዝቶብኛል። የወይዘሮ አሰገደች ቴሌቪዥን ምስል ሲነሳው፣ የሙሀይሚን ባጃጅ ውጫሌ መንገድ ላይ ስትቆም፣ ሬሳ ሲነሳ የሚለፈፍበት የቅሬው ድምፅ ማጉያ ሲያጓራ፣ ሁሉንም «ወደ ኢንጂነሯ ሂዱ» እያሉ ወደኔ ይልኩልኛል። እኔ የማውቀው በወረቀት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ብዬ ብለምንዎ፣ «ኧረ አትኩሪብን ልጄ! ታዲያ ምኑን ነው የተማርሽው?» አሉኝ። ስለዚህ ካልኩለስ ላነብ ያሰብኩበትን ክረምት ብሎን ስፈታ አሳለፍኩት። የሙሀይሚን ባጃጅ እኔ ከነካኋት ወዲህ ጭራሹን አልተነሳችም፤ እሱ ግን ጨዋ ነውና «ኸይር ነው እህቴ» ብሎ ገፍቷት ሄደ።

፫. ስለ ግድግዳው። ለሐዘንተኛ ምግብ የሚሰናዳበትን አዲሱን ማብሰያ ቤት እንድቆጣጠር ሲሾሙኝ፣ እንደ ሹመቴ ሄጄ መሠረቱን አየሁት። ዋልካው ጥቁር አፈር ላይ ለይስሙላ ተጭሯል። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ፀሐይ ሲመታው እንደሚሰነጠቅ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያሻም፤ የሐይቅ ዳር ልጅ መሆን ይበቃል። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይቆፈር ብዬ ባመለክትዎ፣ በሠራተኞቹ ፊት «ዝም በይ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ።

ጋሽ ምስጋናው፣ ያን ዕለት ከልቤ ነው የከፋኝ። ሽቦ ሲበጠስ ኢንጂነር ነኝ፤ ሐሳብ ስሰጥ ልጅ ነኝ። መቼ የትኛዋ እንደምሆን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ ተዘጋጅቼ እመጣ ነበር። ለማንኛውም ግድግዳው ቆመ፣ ዝናቡም መጣ፣ ግድግዳው ዘመመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። የሚገርመው፣ ግድግዳው ሲዘም የኔ ማዕረግ ተመለሰልኝና «በኢንጂነር ሱረያ ተቆጣጣሪነት የተሠራ» ተብሎ በትልቁ በኖራ ተጻፈበት።

አሁን ደግሞ ለመጨረሻው ውለታዎ ምስጋና ልድረስ። የፊታችን ቅዳሜ የመግቢያ ፈተናዬን ደሴ ሄጄ እፈተናለሁ። እርስዎ ይህን እያወቁ የማብሰያ ቤቱን ምረቃ በዚያው ቅዳሜ አደረጉትና «ኢንጂነሯ የሌለችበት ምረቃ የለም፤ ከቀረች ለእናቷ ቤት እሳት እንዳትጭሩ» ብለው ፈረዱ። እናቴ በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ሳትጠራ ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። እሷን ከቅሬ አስወጥቶ፣ ነገ ስትሞት ቀባሪ ማሳጣት ኢንጂነር ለማክበር የተገኘ አዲስ ዘዴ መሆኑን ሳልመሰክርልዎ አላልፍም። ፈርቼ ነበር፤ ልቅር ብዬም ነበር። ፍርድዎን ስነግራት ግን እናቴ ሥራዋን እንኳ አላቋረጠችም። «ሂጂ ልጄ፤ እኔ ክብሪት አለኝ» አለችኝ።

ስለዚህ እሄዳለሁ። የሰጡኝን ማዕረግም ሳልጠቀምበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአክብሮት መልሻለሁ። አላህ ብሎ ፈተናውን ካለፍኩ፣ ሰርቼ አገኘዋለሁ።

በእርስዎ ቸርነት ሳትማር ተመርቃ፣
አሁን ልትማር የምትሄደው፣
የቅሬዎ ታዛዥ ልጅ፣
ሱረያ ጁማ

ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው የዘመመው የክብር እንግዶች ወንበር ወደሚደረደርበት በኩል ነው። ገና ልጅ ስለሆንኩ ቃሌን መስማት አይጠበቅብዎትም፤ ግን ስለ እግዜር ብለው ወንበርዎን ያንሱ፣ ሴቶቹንም ከውስጥ ያስወጡ። ስሜን ለማጥፋት ግን አይድከሙ፤ ሲወድቅ አብሮ ይወርዳል።